«ኑ» ስንል ኖረን መሄድን ስንማር

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠርተውን የአንድ ወር ዕረፍት እንድንወስድ ሲነግሩን መጀመሪያ የተሰማን ደስታ አልነበረም። «ምን አጥፍተን ይሆን?» የሚል ሐሳብ ነው የመጣብን። እነሱ ግን የተናገሩት በፍቅር ነበር። «22 ዓመት ሳታቋርጡ አገልግላችኋል። መስከረምን ከቤታችሁ ጋር አሳልፉ። ስብከት የለም፣ ስብሰባ የለም፣ የሰው ጉዳይ የለም» አሉን። ጸለዩልንና ሸኙን።

እኛ ባልና ሚስት ሩቅ የምንሄድበት ገንዘብ አልነበረንም። ስለዚህ ዕረፍታችን እዚሁ መሪ ሆነ። መሪን ለማታውቁ፣ ከመገናኛ በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። እኛ ስንገባበት ከቤታችን ጀርባ ጤፍ ይታጨድ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። በ2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ሰፈራችንም የራሱን ፌርማታ አገኘ። በሰሜን በኩል ቀና ስንል የየካና የእንጦጦ ተራሮች ይታዩናል። በመስከረም ዝናቡ ሲያባራ ተራሮቹ እጅ ዘርግተን የምንነካቸው ያህል ይቀርባሉ።

በእነዚህ 22 ዓመታት በዚህ ሰፈር የተናገርነው ቃል ቢቆጠር ከሁሉ የሚበዛው «ኑ» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። እሁድ ኑ። ረቡዕ ለጸሎት ኑ። ጉባኤ አለ፣ ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ኑ። መልካም ቃል ነው፤ ጌታም ሸክም የከበደባቸውን የጠራው በዚሁ ቃል ነው። ነገር ግን እሱ «ኑ» ያለው አስቀድሞ ራሱ መጥቶ ነው። እኛ ደግሞ ሳንሄድ መጥራትን ለምደን ነበር። ይህን ያስተዋልነው በዚያ ወር ነው፤ ማስተዋሉም ሳያሳፍረን አልቀረም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት እጃችን ባዶ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት ለእኛ የሰርግ፣ የምክርና የስብሰባ ቀን ነው። የመጨረሻው ልጃችን 17 ዓመቱ ነው፤ ታኬታውን በፌስታል ቋጥሮ ሲወጣ አየነው። በዚህ ታኬታ ምክንያት ሦስት ዓመት ተጨቃጭቀናል። የወጣቶች ጸሎት በዚያው ሰዓት ስለሆነ «ና» እንለዋለን፤ እሱ ዝም ብሎ ወደ ሜዳ ይሄዳል። የዚያን ዕለት ግን የልጆቻችን እናት ነጠላዋን አነሣችና «እስቲ ወዴት እንደሚሄድ እንይ» አለች።

ሜዳው ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የግቡ ቋሚዎች የባሕር ዛፍ ናቸው፤ መረብ የላቸውም። መሐሉ ጭቃ፣ ዳሩ ሣር ነው። ዙሪያውን ሕዝብ ከቦታል። አንዲት እናት ሻይና ብስኩት ይሸጣሉ፤ ሕፃናት ከግቡ ጀርባ ኳስ እየለቀሙ ይመልሳሉ። የክረምቱ የሰፈር ውድድር ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። ልጃችን በረኛ ነው። በረኛ መሆኑን በወሬ እናውቃለን፤ ሲጫወት ግን አይተነው አናውቅም ነበር። ቤት ውስጥ አንድ ቃል ለማውጣት የሚከብደው ልጅ እዚያ ተከላካዮቹን በስማቸው እየጠራ በታላቅ ድምፅ ሲያዝ ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን።

ከእረፍት በኋላ አሠልጣኙ ሊጨብጠን መጣ። በሥራ ቀን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ ለዚህ ሥራው የሚከፍለው የለም። እጁ ላይ ያለው የግራሶ ጥቁረት በሳሙና የሚለቅ አይመስልም። «የማን ወላጆች ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። ትንሽ ቆየና አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቱ በሕይወት ያለ አልመሰለኝም ነበር» አለ።

ወገኖቼ፣ ብዙ ነቀፋ ሰምተን እናውቃለን። እንዲህ የወጋን ግን የለም፤ ሰውየው ሊነቅፈን አስቦ አልነበረምና። ሦስት ዓመት ሙሉ ያየውን ነው የተናገረው።

ያን ሰው ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ተመለከትነው። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች አሉት። የትኛው ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ፣ የማን እናት እንደታመመች፣ ማን ትምህርት ሊያቋርጥ እንዳሰበ ያውቃል። አንድ ትንሽ ልጅ ሲወድቅ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የጫማውን ክር አሰረለት። እኛ የአባላት መዝገብ አለን፤ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው። እሱ መዝገብ የለውም፤ ልጆቹን ግን በስማቸው ያውቃቸዋል። መልካሙ እረኛ በጎቹን በስማቸው እየጠራ እንደሚያወጣቸው (ዮሐንስ 10፥3) ስንት ጊዜ ሰብከናል። የስብከታችንን ሥዕል ያየነው ግን በዚያ ጭቃ ሜዳ ላይ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት እንጦጦ ልንወጣ ተነሣን። በባቡር መገናኛ ደረስን፤ ከዚያ በታክሲ በስድስት ኪሎ አድርገን ወደ ላይ ወጣን። ምኒልክ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ከተማቸው ይህ ተራራ ነበር። ዛሬ የሸፈነው ባሕር ዛፍም እንጨት ባለቀ ጊዜ ከውጭ የመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ብዙ ሰው ይስባል። እኛም አደይ አበባ እያየን እንደ ወጣት ሙሽሮች ተንሸራሸርን።

ስንመለስ ግን በመንገዱ ዳር ከወገባቸው ታጥፈው የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አገኘን። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይበልጣል። ለአንዷ መንገድ ለቀን «እግዜር ያበርታሽ» አልናት። እሷም ቀና ሳትል «አሜን፣ ይስጥልኝ» ብላ አለፈች። ቀና ልትል አትችልም ነበር። ስለ ሸክም የሰበክንባቸው እሁዶች በሙሉ ትዝ አሉን። በተደላደለ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ስለ ሸክም መናገር እንዴት ይቀላል!

ቁልቁለቱን ጨርሰን የባህል ልብስ ሱቆች ከተደረደሩበት ከሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሳንደውል ወደ ታላቅ እህታችን ቤት ጎራ አልን። እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1979 ዓ.ም.፣ በደርግ ዘመን፣ አማኞች በየቤቱ ተሸሽገው ይጸልዩ በነበረበት ጊዜ፣ በ17 ዓመታችን ጌታን ተቀበልን። አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ከቤት አስወጡን። ያኔ በጓሮ በር እንጀራ ደብቀው ሲያቀብሉን የነበሩት እትዬ ናቸው። እምነታችንን አልተቀበሉትም፤ እንድንራብ ግን አልፈቀዱም።

እትዬ በሩን ከፍተው ሲያዩን ደነገጡ። «ምነው? ማን ሞተ?» አሉ። ማንም እንዳልሞተ፣ ልናያቸው ብቻ እንደመጣን ነገርናቸው። አላመኑንም። የጾም ቀን ስለነበር ሽሮ አቀረቡልን፤ ቡና አፈሉ። ሁለተኛው ቡና ላይ ስንደርስ ዘወትር ልባችን የሚያስበውን አሰብን፤ አሁን ስለ ጌታ እንጀምርላቸው? ያን ጊዜ እትዬ ራሳቸው ጀመሩ። «አንተ ልጅ፣ ቅር አይበልህና፣ ስትመጣ ሁልጊዜ ልትለውጠኝ ነው የምትመጣው። እኔን ልታይ የመጣኸው ዛሬ ገና ነው» አሉ። ከዚያም ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር ነገሩን። «ለምን አልነገሩንም?» ስንል «ሥራ ይበዛባችኋል ብዬ ነዋ፣ የእግዜር ሥራ» አሉ።

የእግዜር ሥራ! የእግዚአብሔርን ሥራ እየሠራን፣ በተራብን ጊዜ ያበላችን እህታችን ስትታመም አልነበርንም። በዚያ ቀን አልሰበክንም። ይቅርታ ጠየቅን፤ አለቀስን፤ እሳቸውም አብረውን አለቀሱ። ስንወጣ «ይኸው ዛሬ ወንድሜ መጣ» ብለው ጉንጫችንን ሳሙ። ወንጌል ለእትዬ አያስፈልጋቸውም ማለታችን አይደለም። ለሁላችንም ያስፈልገናል፤ ዛሬም ስለ እሳቸው እንጸልያለን። ነገር ግን ያለ ፍቅር የተነገረ እውነት ጆሮ ጋ ደርሶ እንደሚመለስ ዘግይተን ተማርን።

በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ስለ ሥጋዌ ረጅም ጽሑፍ አቅርበን ጥሩ ውጤት አግኝተንበት ነበር። ቃል ሥጋ እንደሆነና በእኛ መካከል እንዳደረ (ዮሐንስ 1፥14) ብዙ ገጽ ጻፍን። አሁን ስናስበው፣ ጌታ በናዝሬት ሠላሳ ዓመት ያህል የኖረው ከአናጢ ጋር እንጨት እየላገ፣ ከጎረቤት ጋር እየበላ ነው። ከትንሣኤው በኋላ እንኳ ወደ ኤማሁስ የሚሄዱትን ሁለት ሐዘንተኞች «ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ» ብሎ አልጀመረም። አብሯቸው ተራመደ። ምን እንዳሳዘናቸው ጠየቃቸው፤ አዳመጣቸው። መጻሕፍትን የተረጎመላቸው ከዚያ በኋላ ነው (ሉቃስ 24)። ሰባኪዎች ሆነን ትርጓሜውን እንወዳለን፤ መንገዱን ግን እናሳጥራለን።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ የውድድሩ ፍጻሜ ነበር። ዝናብ አካፋ። ከጎናችን በሰፈሩ የታወቁ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቀላል የምትመስል ኳስ ከልጃችን እጅ አመለጠችና ገባች። 1 ለ 0 ተሸነፉ። ልጃችን ጭቃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጓንቱ ሸፈነ። ከዳር የሚሳደቡም ነበሩ።

ሽማግሌው እየዘገሙ ወደ እሱ ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። «ስማ የኔ ልጅ» አሉት። «ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ሁለት ጊዜ ተመርታ ነው ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችው፤ ያውም በተጨማሪ ሰዓት። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ በ2005 ዓ.ም.፣ በዚያው ቀን ጥር 13፣ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። አገሩ ሁሉ አለቀልን አለ። ልጆቹ አሥር ሆነው 1 ለ 1 ወጡ። በረኛ ሲወድቅ ሌላው ይቆምለታል። ተነሣ!» አሉት። ተነሣ።

ወደ ቤት ስንሄድ በአፋችን ላይ ስብከት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ ውድቀትና ስለ መነሣት፣ ሦስት ነጥብ ያለው። የልጆቻችን እናት ክንዳችንን ጫን አደረገች። ዝም አልን። ታኬታውን ተቀብለን ያዝንለት፤ ጭቃው ልብሳችን ላይ ተንጠባጠበ። ቤታችን ጋ ስንደርስ ልጃችን ቆመና፣ መሬት መሬት እያየ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ አለ። ትመጣላችሁ?» አለን።

ሦስት ዓመት ሙሉ «ና» ስንለው የኖርነው ልጅ፣ እሱ ራሱ ጠራን።

እውነቱን መደበቅ አንፈልግም፤ ልጃችን ወደ ወጣቶች ጸሎት ገና አልተመለሰም። አንድ ማታ ግን ክፍላችን መጥቶ «ጸልዩልኝ» ብሏል። እኛም ወደ አገልግሎት ተመልሰናል። ሽማግሌዎችን ለምነን የቅዳሜ ከሰዓቱ ስብሰባ ወደ ሐሙስ ማታ ተዛወረ። «ፓስተር ለኳስ ብለው ስብሰባ ለወጡ» ብለው ያጉረመረሙ አሉ፤ አንቀየማቸውም። በወር አንድ ረቡዕ ደግሞ የእትዬ ነው። አሁን በሩን ሲከፍቱ ማን እንደሞተ አይጠይቁም።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ አገልጋዮች ብትሆኑ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ፤ በደጃችሁ ሳላችሁ እናንተን እንደሌለ ሰው የቆጠራችሁ ማን አለ? እሱ ጋ ሂዱ። ጉዳይ ሳትይዙ ሂዱ። ጌታን ገና የምትፈልጉ ደግሞ፣ ምናልባት ከእኛ ከአማኞች የሰማችሁት «ኑ» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ይቅር በሉን። የምንሰብከው ጌታ እንደ እኛ አይደለም። እናንተ ወደ እሱ ሳትነሡ እሱ ወደ እናንተ መጥቷል፤ እስከ መስቀል ድረስ መጥቷል። ሜዳው ዳር፣ ዝናብ ላይ፣ በወደቃችሁበት ቦታ ቆሞ ስማችሁን ይጠራል።

ጌታ ሆይ፣ ወደ እኛ ስለመጣህ እናመሰግንሃለን። እግራችንን ደግሞ ወደ ሰው ቤት አቅና። አሜን።