ከዘጌ ባሕር ዳር፣ መሸኛ ፍለጋ

ዘጌን የማታውቁ አንባቢያን ብትኖሩ፣ ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ በኩል ወደ ውኃው የገባች ምድር ናት። በሦስት ወገን ውኃ ይከባታል። በአንድ ወገን ብቻ ከየብስ ጋር ትገናኛለች። ደኗ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በዘጌ መሬት በበሬ አይታረስም፤ ከገዳማቱ የቆየ ሥርዓት ነው። ሰዉ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። እህሉን ከገበያ ይገዛል።

እኛ ሁለት አስተማሪዎች ክረምቱን እዚያ ፊደል ስናስተምር ከረምን። ከተማሪዎቻችን አንዱ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ በዕድሜ ልጆቻቸው ብንሆንም «የኔታ» ይሉናል።

የባለቤታቸው እናት ባሕር ዳር ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው ደከመ። ስለዚህ ቤተሰቡ ከመስከረም በፊት ወደዚያ ሊዛወር ቆረጠ። ቤቱ አለ። የቀን ሥራም አይጠፋም። የቀረው የታላቋ ልጅ ነገር ነው። ሦስተኛ ክፍልን አልፋ አራተኛ ልትገባ ነው። ሁለቱ ገና ለትምህርት አልደረሱም።

«ዓመቱ እንዳይቃጠልባት ነው የምፈራው» አሉን ጋሼ።

እንግዲህ ነሐሴ 26 ቀን አራት ሆነን ተነሣን። ጣና በማለዳ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ስለዚህ መንገደኛው ሁሉ ለጠዋት ጀልባ ይሻማል። ከደንገል በተሠሩ ታንኳዎች ማገዶ ጭነው ወደ ከተማው የሚቀዝፉ ሰዎች ነበሩ። ከእኛ በፊት በሌሊት ተነሥተዋል። የእኛ ጀልባ በሞተር አለፋቸው። ልጅቱ የውጤት ካርዷን በፌስታል ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ውኃ ሲረጨን ካርዱን እንጂ ራሷን አትሸፍንም።

ባሕር ዳር ሰፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች አሏት። ዳር ዳሩ ዘንባባ ነው። ባጃጅ እንደ ንብ ይርመሰመሳል። ልጅቱ የአባቷን ጋቢ ጫፍ አለቀቀችም።

ከሴት አያቷ ቤት የሚቀርበውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጠይቀን ደረስን። ዘበኛው «ስንተኛ ክፍል ናት?» አለን። ይህ ጥያቄ ለከንቱ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ይባላል። 7ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያለው ሰው ሌላ በር ሊያንኳኳ ይችላል። የእኛዋ አራተኛ ናት፤ ገባን።

ርዕሰ መምህርቷ ካርዱን አየችው። ውጤቱ ጥሩ ነው። «መሸኛዋስ?» አለች።

ዝም አልን። ጋሼ እኛን አዩ። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ዩኒቨርሲቲ ገብተናል ብለን የምንኩራራው ሁለቱ ሰዎች ነገሩን አላሰብነውም ነበር!

«ካርዱ አይበቃም?» አሉ ጋሼ።

«አባቴ፣ ካርዱ ስንት እንዳገኘች ይናገራል። መሸኛው ግን ከዚያ ትምህርት ቤት መልቀቋን ይናገራል። ያለ እሱ ብመዘግባት በሁለት ቦታ የተመዘገበች ትሆናለች። ያም ሆነ ይህ እስከ ነሐሴ 30 ይዛችሁ ኑ። ቦታው እየሞላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እቀበላለሁ ብዬ አልዋሽም።»

ስንወጣ ጋሼ ከበሩ ላይ ቆሙ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጣታቸውን ከፊደሉ በታች አስኬዱ። «ማ - ስ - ታ - ወ - ቂ - ያ» አሉ ጮክ ብለው። ቀጠሉ። ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚዛወሩ ተማሪዎች፣ መሸኛ፣ የውጤት ካርድ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይላል። እኛ ጣልቃ አልገባንም። መጨረሻው ሲደርሱ ላብ በግንባራቸው ወርዷል።

«ይኸው ተጽፎልኝ ነበር እኮ!» አሉ። «ዛሬ ሁለት ሳምንት ለአማቴ ቡና ላደርስ መጥቼ በዚህ በር ቆሜአለሁ። ዘበኛውን ጠየቅሁት፣ ምዝገባ አለ አለኝ፣ ሄድኩ። ወረቀቱን ዓይኔ አላየውም። ወረቀት የእኔ ነገር አይደለም ብሎ የለመደ ዓይን ነው።»

ያን ጊዜ ፊደሉን ጨርሰው ነበር። ጥፋቱ የእኛም ነው። ክረምቱን ሙሉ ከመጽሐፉ ስናስነብብ፣ በር ላይ የተለጠፈ ነገር አንድ ቀን አላስነበብንም።

በማግሥቱ ልጅቱን ከአያቷ ዘንድ ትተን ወደ ዘጌ ተመለስን። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል። ማህተሙ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል። ነሐሴ 28 ቀን ከሰዓት በኋላ አገኘናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ በድካማቸው ላይ መጥተው ቢሮውን ከፈቱልን። መሸኛውን ጻፉ። ማህተሙን አንሥተው ሊመቱ ሲሉ ጋሼ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» አሉ። ካርዱን አውጥተው ከመሸኛው ጎን አስቀመጡት።

የልጅቱ ስም በካርዱ ላይ በጸሎቱ «ጸ» ተጽፏል። በመሸኛው ላይ በፀሐዩ «ፀ» ነው። ድምፁ አንድ ነው፤ ፊደሉ ሁለት። ነገሩን ችላ ብሎ የሚቀበል ቢሮ አለ። «ይህች ሌላ ልጅ ናት» ብሎ የሚመልስም አለ። በጀልባ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ አንድ ፊደል የሁለት ቀን መንገድ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሳቁና በሌላ ወረቀት ጻፉት። እውነቱን እንናገር፣ ስሕተቱን እኛ አላየነውም ነበር።

ነሐሴ 29 ቀን ነፋሱ ገና በጠዋት ተነሣ። ጀልባው አልነሣ አለ። ጋሼ መሸኛውን ከልብሳቸው ውስጥ ከደረታቸው ላይ አድርገው በዳርቻው ይመላለሳሉ። «በእግር ብነሣስ?» ይላሉ። በየብስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ክረምት ነው፤ ጭቃ ነው። በአራት ሰዓት ግን ረገብ አለ፤ ተሳፈርን። ባሕር ዳር ስንደርስ ልጅቱን ፎቶ አስነሣናት። ፎቶው እስኪወጣ ጠበቅን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ርዕሰ መምህርቷ መሸኛውንና ካርዱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። ስሙን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ መዝገቡን ከፍታ ጻፈች። ልጅቱ አራተኛ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ። የጠዋቱ ሞልቷል።

«የከሰዓቱ ይሻላል» አለች ልጅቱ። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ስትናገር የሰማናት ያን ጊዜ ነው። «ጠዋት ለአያቴ ውኃ እቀዳለሁ።»

ጋሼ በመዝገቡ ላይ በፊርማ ቦታ ፈረሙ። የቀለም ጣት ማተሚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማንም አላቀረበላቸውም። ስማቸውን እስኪጨርሱ ከኋላችን ሦስት ወላጆች ተሰለፉ።