ካፍ ከወጣ አፋፍ

ዶካ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። በአካባቢዋ ሰፋፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ስላሉ፣ በመከር ወራት በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ጉልበታቸውን የሚሸጡ ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዘመን ተመላልሰውበታል። ቀደም ባለው ጊዜ የእነርሱን ደኅንነት ለቤተሰብ የሚያደርሰው ተመላሽ መንገደኛ ነበር። ዛሬ ግን ወሬው በፌስቡክና በቴሌግራም በቅጽበት ይደርሳል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤ የሚደርሰው ለተጻፈለት ሰው ሲሆን፣ በማኅበራዊ መገናኛ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የወጣ ቃል ላልታሰበውም ሰው ይደርሳል።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። በዶካ አጠገብ ሰሊጥ የሚያጭድ አንድ ወጣት በእርሻው መካከል የተነሣውን ፎቶግራፍ ያወጣል፤ ከሥሩም ያለበትን ቦታ ይጽፋል። እኅቱ፣ «ወንድም ዓለም፣ እናታችን ናፍቃሃለች» ስትል ትመልስለታለች። በእርሷ ገጽ ላይ ደግሞ የእናታቸው ስም፣ የትውልድ ቀበሌያቸውና የቤተሰቡ ስልክ ቁጥር ይገኛል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጉዳት ያለው አይመስልም። አንድ አታላይ ግን ሁሉንም ለቃቅሞ ያገናኘዋል። በሌሊትም ወደ እናቲቱ ደውሎ፣ «ልጅሽን ይዘነዋል፤ እስከ ነገ ገንዘብ ካልላክሽ አታገኚውም» ይላታል። የልጇን ስም፣ የሚሠራበትን ቦታና የለበሰውን ልብስ ሳይቀር ሲነግራት እንዴት ትጠራጠር? በዚያ የድንበር አካባቢ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በእርግጥ የሚደርስ አደጋ ስለ ሆነ ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በሬዋን ሸጣ፣ ከጎረቤትም ተበድራ ትልካለች። ልጇ ግን በዚያች ሌሊት በሰላም ተኝቶ ነበር።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ የሰውን መረጃ ሰብስበው በሚይዙ ክፍሎች ላይ ግዴታ ይጥላል፤ ከድንበር ማዶ የሚደውለውን አታላይ ግን በቀላሉ አይደርስበትም። የመጀመሪያው ዘበኛ እንግዲህ ባለቤቱ ራሱ ነው። አስተዋይ ሰው ስልክ ቁጥሩንና የወዳጆቹን ዝርዝር ከማያውቃቸው ሰዎች ይሰውራል። ያለበትን ቦታ ከዚያ ከተነሣ በኋላ እንጂ እዚያው ሳለ አይገልጽም። በአጭር መልእክት የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ ወዳጅ መስሎ ለሚጠይቀው ሁሉ አይሰጥም፤ በዚያ ቁጥር ሌላ ሰው ገጹን ሊወስድበት ይችላልና። የዘመዱንም ፎቶግራፍ ሳያስፈቅድ አያወጣም። ከሁሉም በላይ ሩቅ አገር ከመሄዱ በፊት ከቤተሰቡ ጋር አንድ የምስጢር ቃል ይማከራል። ያቺ እናት ያን ቃል ጠይቃ ቢሆን ኖሮ፣ አታላዩ መልስ ያጣ ነበር።

አባቶች «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለአንደበት ነበር። ዛሬ ግን ጣትም እንደ አንደበት ይናገራል። የተጻፈው ቢሰረዝ እንኳ፣ አስቀድሞ ያየው ሰው ገልብጦ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ቃሉን ከመልቀቅ በፊት፣ «ይህን ማን ያነበዋል? በማንስ ላይ ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ራስን ብቻ ሳይሆን በሩቅ ሆና የምትጠብቅ እናትንም መጠበቅ ነው።