44 እና 42

ትናንት ማታ ወሎ ሰፈር መብራት ጠፋ። ፍሪጅ ውስጥ ለእሑድ የገዛሁት ሥጋ አለ፤ ሐሳቤ ግን ላቦራቶሪ ፍሪዘር ውስጥ ወዳለችው ብልቃጥ ሄደ።

ብልቃጧ የያዘችው 100 ማይክሮ ሊትር ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ የሻይ ማንኪያ ሃምሳኛ። ለዚህች ጠብታ ፕሮፎርማ፣ ዶላር፣ ፊርማ ስል ስምንት ወር አለፈ። ስትመጣ ደግሞ መሶብ በሚያክል የፎም ሳጥን!

ሥራዋ ኢአርኬ የሚባለውን ኢንዛይም መለየት ነው። ለሕዋሱ «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ከውጭ ሲደርሰው ኢአርኬ ላይ ፎስፌት ይለጠፍበትና ይነቃል፤ እሷ የምትይዘው የነቃውን ብቻ ነው። (ይህ የፎስፌት መለጠፍና መላቀቅ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፊሸርና ለክሬብስ ኖቤል አስገኝቷል።) ሁሉ ነገር ከሠመረ የሕዋሱ ፕሮቲኖች በመጠናቸው ተለይተው በተለጠፉበት ስስ ወረቀት መሳይ ሜምብሬን ላይ ሁለት የተጠጋጉ መስመሮች ይወጣሉ፦ 44 እና 42 ኪሎዳልተን ላይ።

እኔ ያገኘሁት ከላይ እስከ ታች የጠቆረ ነገር፤ ምጣድ ላይ ያረረ እንጀራ።

መብራቱን ረገምኩ። ለነገሩ ብልቃጧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግማሹ ግሊሰሮል ስለሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪም ላይ አይረጋም፤ የአንድ ሌሊት መብራት መጥፋት አይገድለውም። ቡና ላይ ለጓደኛዬ ብነግራት «በምን ሸፈንሽው?» አለችኝ። ፀረ እንግዳ አካሉ ባገኘው ቦታ እንዳይለጠፍ ሜምብሬኑ አስቀድሞ በሌላ ፕሮቲን ይሸፈናል። እኔ ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ካለ ሱቅ የገዛሁትን ቅባት አልባ የወተት ዱቄት ነበር የተጠቀምኩት። «አንቺ ልጅ፣ ወተት እኮ ኬዚን አለው፤ ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ነው። ተይው!» በከብት ደም አልቡሚን ቀየርኩት። ጥቁረቱ ጠራ። የወጣው መስመር ግን አንድ ብቻ፣ እሱም 60 አካባቢ።

ያኔ ነው ብልቃጧን የጠረጠርኩት። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ለ65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 ፀረ እንግዳ አካላትን ፈትኗል። ዘዴው ፕሮቲኑ ያለበትንና ዘረመሉ የጠፋበትን ሕዋስ ጎን ለጎን ማየት ነው፤ በሌለበትም መስመር ካሳየ ዋሽቷል። ዒላማቸውን በማይለዩ ፀረ እንግዳ አካላት የተሠራ ውጤት ያካተቱት የታተሙ ጽሑፎች ለአንድ ፕሮቲን በአማካይ 12 ያህል ሆነው ተገኙ።

እኛ ጋ ሥራ ሲበላሽ የሚወቀሰው መብራቱ ነው፣ ወይም ተማሪው። ከባሕር ማዶ ታሽጎ የመጣን ብልቃጥ ማን ይጠረጥራል? ስንት ማስተርስ በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ጨምሯል ብዬ አስባለሁ።

አሁን የቸገረኝ ማነጻጸሪያ ነው። ኢአርኬው ፒኤምኤ በሚባለው ኬሚካል የነቃ የሕዋስ ናሙና ያላችሁ፣ 20 ማይክሮ ሊትር ትበቃኛለች። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በረዶውን ይዤ ያላችሁበት እመጣለሁ።