የጠመንጃ ጉሮሮ

ጠመንጃ አፍ እንዳለው ሁሉ ጉሮሮም አለው ብንል የሚደነቅ ወታደር አይኖርም። ምናልባት ይህን ዓምድ ከባለቤቷ ቀድማ የምትገልጠው የቤት እመቤት ትደነቅ ይሆናል። ስለዚህ ለእርሷ ስንል ነገሩን ከሥሩ እንጀምራለን።

ጠመንጃ ሲጎርስ ቀለሃው የሚያርፍበት ክፍል ማደሪያ ይባላል። ከማደሪያው ፊት፣ በቧንቧው ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች ከመጀመራቸው በፊት፣ ልሙጥ የሆነ አጭር መተላለፊያ አለ። ጉሮሮ የምንለው ይህንን ነው። ባሩዱ ሲቀጣጠል አረሩ ከቀለሃው አንገት ተላቅቆ በዚህ መተላለፊያ ያልፋል። ከዚያም ቦዮቹ ይይዙትና እያሽከረከሩ ወደ አፈሙዙ ይሰዱታል። በዚያች ቅጽበት አረሩ ጥቂት እንኳ አጋድሎ ከገባ የቀረው ቧንቧ የቱንም ያህል ቢያምር አያቃናውም።

ብዕራችንን ያስነሳን በጦር ሰፈራችን የደረሰ ጉዳይ ነው። ለውድድር ተኩስ የምንገለገልባቸው፣ መዝጊያቸው በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ አራት ጠመንጃዎች አሉን፤ የሚጎርሱትም 30-06 የተባለውን ጥይት ነው። ለውድድሩ የደረሰን ጥይት አረሩ ከለመድነው የረዘመ ሆኖ ተገኘ። መዝጊያው አልገጥም እያለ ያስቸግራል፤ ሳይተኮስ ሊወጣ ሲሞከርም አረሩ በቦዮቹ መካከል ተቀርቅሮ ይቀርና ቀለሃው ብቻውን ይወጣል፣ ባሩዱም በመሣሪያው ውስጥ ይበተናል። ይህ ብቻ አይደለም፤ አረሩ ቦዮቹን ተደግፎ ሲተኮስ የጋዙ ግፊት ከልክ በላይ ይወጣል፤ ጉዳቱም ለጠመንጃው ብቻ ሳይሆን ለተኳሹ ፊት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር፤ ወይ ጥይቱን መለወጥ፣ ወይ ጉሮሮውን ማስረዘም። የመጀመሪያው ይቀል ነበር፤ የተመረጠው ግን ሁለተኛው ሆነና አንደኛው ጠመንጃ ከሰፈሩ ውጭ ወዳለ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ተላከ። ተመልሶ ሲመጣ መዝጊያው ያለ አንዳች ችግር ይገጥም ስለነበር ሁሉም ደስ አለው።

ደስታው ተኩስ ሜዳ ላይ አበቃ። የጠመንጃው ባለቤት በአልሞ ተኳሽነቱ የታወቀ ሃምሳ አለቃ ነው። ቀድሞ በመቶ ሜትር ርቀት አምስት ጥይት በአንድ ሲኒ አፍ ልክ ያሳርፍ የነበረው ሰው፣ አሁን ጥይቱ ሰፌድ በሚያህል ስፋት ላይ ይበተንበት ጀመር። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ፤ ሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ። «ዓይኑ ደክሟል» ተባለ። ስሙ ከተኳሾች ዝርዝር ወጥቶ በምትኩ አንድ ወጣት እንዲገባ ሐሳብ ቀረበ። አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገለው ወታደር አልተከራከረም፤ ዝም አለ እንጂ። ዝምታውን ያላመኑት ባለቤቱ ናቸው። ቢሮአችን ድረስ መጥተው፣

«መቶ አለቃ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ በኩራዝ ብርሃን መርፌዬ ላይ ክር የሚሰካልኝ እርሱ ነው። ዓይኑ ደክሞ ከሆነ ይህን በምኑ ያየዋል? እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አሉን።

ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ማስረጃ በሪፖርት ላይ አንብበን አናውቅም። ሰውን ከመመርመር በፊት ብረቱ ይመርመር ብለን ጠመንጃውን ለጥገና ክፍላችን ሻምበል ባሻ አስረከብን። እርሳቸውም የቆየ ብልሃት አወጡ። ቧንቧውን ከጉሮሮው ወዲያ በጨርቅ ወትፈው፣ ዲን አቅልጠው በማደሪያው በኩል አፈሰሱበት። ዲኑ ሲረጋ የማደሪያውንና የጉሮሮውን መልክ እንደ ማኅተም ይዞ ወጣ። በዓይን ሲያዩት ደህና ይመስል ነበር። ሻምበል ባሻው ግን ወደ መለኪያ ከመሄዳቸው በፊት፣ «ይህን ጥጥ ለሚፈትል ሰው ማሳየት ነው» ብለው ከእኛ ጋር በቡና ሰዓት ወደ ሃምሳ አለቃው ቤት ይዘውት ሄዱ። ወይዘሮዋ ረከቦቱ ላይ በጣታቸው አንከባለሉት። ወፍራሙ ክፍል ቀጥ ብሎ ሲንከባለል ቀጭኑ ጫፍ ይወዛወዝ ነበር። «ይህ እንዝርት ቢሆን ኖሮ ክር ይበጥሳል» አሉ። ሃምሳ አለቃው ከብዙ ቀን በኋላ ሲስቅ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ መለኪያው ነገሩን አረጋገጠ። የ30-06 አረር ውፍረት 7.82 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሚገባ የተሠራ ጉሮሮ ከዚህ የሚሰፋው በአንድ ወይም በሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። የእኛው ጉሮሮ ግን ከልክ በላይ ሰፍቷል፣ ያውም በአንድ ወገን ብቻ። መቁረጫው ጫፉ ላይ መሪ ዘንግ ሊኖረው ይገባል፤ መሪው ከቧንቧው ውስጠኛ ስፋት ጋር ልክ ከገጠመ መቁረጫው መሃሉን አይለቅም። መሪው ከላላ ግን መቁረጫው እንደ ፈለገ ይዞራል። አረሩ በሰፊው ጉሮሮ ውስጥ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ፣ ከቦዮቹ ጋር ሲገናኝ አጋድሎ ይገናኛል። ሰፌድ ያከለው የጥይት ብትን ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባልደረቦቻችን «እንግዲያው ጉሮሮ ማስረዘም ራሱ ስሕተት ነው» ሲሉ ሰምተናል። አይደለም። የስዊድን ጦር 6.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ሞዘር ጉሮሮው የተቀረጸው 10 ግራም ለሚመዝነውና አፍንጫው ድብልብል ለሆነው ረጅም አረር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ሾጣጣና ቀለል ያለ አረር ሲተካለት ጉሮሮው ሳይነካ እንደ ረዘመ ቀረ፤ ጠመንጃው ግን በዒላማ አመታቱ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ርዝመት ብቻውን ጥይት አይበትንም፤ የሚበትነው ስፋትና ጥመት ነው። እርግጥ ለርዝመትም ልክ አለው፤ የአረሩ ጭራ ከቀለሃው አንገት ሳይለቅ ጫፉ ለቦዮቹ ቢደርስ የተሻለ ነው፤ ሁለቱንም ድጋፍ በአንድ ጊዜ ሊያጣ አይገባውም።

የተቆረጠ ብረት ግን ተመልሶ አይበቅልም። አሜሪካኖች ይህን በሚገባ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጡት ስፕሪንግፊልድ 14 ግራም ለሚመዝን ድብልብል አረር የተሠራ ነበር። በ1906 ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ሾጣጣ አረር ያለውን ጥይት ሲቀበሉ የቀለሃውን አንገት ጥቂት አሳጠሩት፤ ነባሩም ማደሪያና ጉሮሮ ረዝሞ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የቀረው መንገድ የቧንቧውን የኋላ ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ ማደሪያውን እንደ አዲስ መቅረጽ ነበር፤ ያንኑ አደረጉ። በነገራችን ላይ ይኸው የ1906 ጥይት ነው እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ በያዘው ጋራንድ ይተኮስ የነበረው።

ሻምበል ባሻውም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ቧንቧውን ፈትተው በቶርኖ ከኋላው ቆረጡት፤ ማደሪያውን አዲስ ቀረጹ። ጉሮሮውን ግን በቶርኖ አልነኩትም፤ መሪው በልክ የገጠመ መቁረጫ ይዘው በእጃቸው ብቻ አዞሩት። ጥቂት ያዞራሉ፣ ያወጣሉ፣ ብናኙን ይጠርጋሉ፣ ዘይት ይቀባሉ። ባሩድም መቀጣጠያም የሌለው ጥይት አዘጋጅተው አረሩን በኩራዝ ጥላሸት ካጠቆሩ በኋላ ያጎርሱታል፤ ቀስ ብለው ያወጡና ያዩታል። ጥላሸቱ ላይ የቦዮቹ ጭረት ካለ ገና ነው። ጭረቱ ሲጠፋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጨምረው አቆሙ። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ወሰደ፤ እኛም መብራት ይዘን ከመቆም ሌላ ያደረግነው የለም።

ሃምሳ አለቃው በሳምንቱ ሲተኩስ ጥይቶቹ ከቀድሞው ዝቅ ብለው አረፉ። ጥቂት ፊቶች ጠቆሩ፤ እርሱ ግን አልደነገጠም። ጉሮሮ ሲረዝም ጋዙ ቦታ ያገኛል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ አረሩም ጥቂት ይዘገያል። አነጣጣሪውን ከፍ አድርጎ አምስት ጥይት ደገመ። ሲኒ ይዘው ቢመጡ ኖሮ አፉ ይሸፍናቸው ነበር። ስሙ ከዝርዝሩ አልወጣም።

በዕለት አገልግሎት የያዛችሁትን ክላሽንኮቭ በዚህ ዓይነት ማንም እንዳይነካው አደራ እንላለን። የቧንቧው ውስጥና ማደሪያው በክሮም የተለበጠ ነው፤ መቁረጫ የገባበት እንደ ሆነ ክሮሙ ይነሣና ራቁቱን የቀረው ብረት በሙቀትና በዝገት ይበላል። ያለ መቁረጫም ቢሆን በላይ በላዩ የሚተኮስ ጠመንጃ ጉሮሮው በትኩሱ ጋዝ እየተበላ ራሱ ይረዝማል።

ከአራቱ የውድድር ጠመንጃዎች ሦስቱ በአሁኑ ጊዜ ረጅሙን አረር ይጎርሳሉ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እዚሁ በሻምበል ባሻው እጅ ተሠርተዋል። አራተኛው ሳይነካ ይቆያል። አጭር አረር ያላቸው ጥይቶች ከነባሩ ክምችት ተለይተው ተመድበውለታል፤ ተኳሽ ሁሉ እንዲያየውም ሰደፉ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፎበታል።