ያቺ ቀይ መኪና

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ክትባት፣ ስለ ወር አስቤዛ፣ ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ተጨዋውተናል። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ መኪና ነው። «የመኪና ነገር የወንዶች ጉዳይ ነው» የምትሉ እኅቶች ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያው ስል ኖሬ የከፈልኩትን ዋጋ ልንገራችሁ።

ጊዜው መስከረም 2014 ዓ.ም ነው። የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደርኩትን ጨመርኩበትና ያገለገለች ትንሽ መኪና ልገዛ ተነሣሁ። ሁለቱን ልጆቼን ጠዋትና ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ማቆም መሮኝ ነበር። የልጆቼ አባት «ባለ አራት በር፣ ለቤተሰብ የምትሆን እንፈልግ» ቢለኝም፣ ደላላው ያሳየኝ መኪና ዓይኔን ያዘው። ቀይ ቪትዝ ናት፤ የስፖርት ዓይነቷ። ለተሳፋሪ ያላት ሁለት በር ብቻ ነው። ቸርኬዋ ያብረቀርቃል፤ ከኋላዋ እንደ ክንፍ ያለ ነገር ተለጥፎባታል፤ ሞተሯ 1500 ሲሲ፣ ካምቢዮዋ ባለ 5 ማርሽ። ደላላው «እኅቴ፣ ይቺ ትበራለች እንጂ አትነዳም» አለኝ። እኔም አመንኩት።

በመሠረቱ ቪትዝ መጥፎ መኪና አይደለችም። ቶዮታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ያወጣት ስትሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ በሚል ስም ተሸጣ በ2000 የዓመቱ የአውሮፓ መኪና ተብላ ተሸልማለች። የ1500 ሲሲው ሞተር ውስጡን የሚያዞረው በካቴና እንጂ በቺንጋ ስላልሆነ፣ በዚያ በኩል ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን ሃያ ዓመት ያገለገለች መኪና ጤንነቷ የሚወሰነው ከሠራት ፋብሪካ ይልቅ በያዛት ሰው ነው።

«ትበራለች» የሚለውም ቢሆን ለእኛ ከተማ ብዙ ትርጉም የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ውኃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ አልበስል ብሎ ያስቸገራችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። የራዲያተር ክዳን ሥራው ልክ እንፋሎት አፍኖ እንደሚያበስል ድስት ክዳን ነው፤ ውኃውን አፍኖ ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ክዳኑ ከላላ ዳገት ላይ ውኃው ይፈላል። ይህን ሁሉ የተማርኩት ግን ከደረሰብኝ በኋላ ነው።

በኅዳር ወር አንድ ምሽት ልጆቼን ከትምህርት ቤት ይዤ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነጭ ነገር ተንቦለቦለ። መኪናዋን ጥግ አስይዤ ዘልዬ ወረድኩ። ልጆቹ ከኋላ ናቸው፤ የኋላ በር የለም። የፊት ወንበሩን የሚያጥፈው እጀታ ተነክሶ እምቢ አለኝ። እሳት የተነሣ መስሎኝ እየጮኽኩ ስጎትት፣ አንድ የታክሲ ረዳት ሮጦ መጥቶ በወዲያኛው በር ገባና ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ልጆቼን አንድ በአንድ አወጣልኝ። እንፋሎት እንጂ እሳት አልነበረም። ሆኖም ያንን ግማሽ ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መኪናዋ እየተጎተተች ጋራዥ ገባች። ሽማግሌው መካኒክ አዩዋትና «ልጄ፣ ስትገዢያት ኮፈኑን በእጅሽ ዳሰስሽው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አስታወስኩ፤ ገና ስደርስ ሞቆ ነበር። ደላላው ጠዋት ስትነሣ የምታወጣው ነጭ ጭስ እንዳይታይ አስቀድሞ አስነሥቷት ኖሯል። የዘይቱን ክዳን ከፍተው ሲያሳዩኝ ውስጡ ማኪያቶ መስሏል፤ ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። የቴስታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ራዲያተሩም ለዓመታት ባዶ ውኃ ስለተሞላበት በዝገት ተዘግቷል።

የዚያን ዓመት ወጪ ከደብተሬ እንዳለ ልገልብጥላችሁ። ራዲያተር ከነክዳኑና ከነተርሞስታቱ 9,500 ብር፤ ቴስታ ማስከፈት፣ ማስላጨትና ጓርኒሲዮን 16,000 ብር፤ ፍሪሲዮን ሙሉውን ከነእጅ ዋጋው 14,500 ብር፤ የፊት ሾክ፣ ቴስቲኒና ጎሚኒ 11,200 ብር፤ የፍሬን ሸራ 3,800 ብር፤ ለእነዚያ ለሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች የሚሆኑ 4 ጎማዎች 26,000 ብር። ድምሩ 81,000 ብር ነው። ከስምንት ወር ደመወዜ ይበልጣል። የትልቋ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለመግዛት የምታስቡ እኅቶች፣ ይህን አትርሱ። መኪናዋን በማለዳ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ተመልከቱ፤ ሻጩ አስነሥቶ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ዳገት ላይ ንዱአት፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኗ አልቋል። ኮረኮንች ላይ ከፊት እግር ኳኳታ ስሙ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ እንደሆነ ጠይቁ፤ የተዛወረ ከሆነም ሥራውን መካኒክ ከሥር ገብቶ ይይላችሁ። ቀለሙ አዲስ ከሆነ ከሥሩ ስቱኮ ይኖራል ብላችሁ ጠርጥሩ። ለመካኒክ የምትከፍሉትን የምርመራ ዋጋ አትሰስቱ። ለመጀመሪያው ዓመት ጥገናም ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችሁን ከኋላ ወንበር አስቀምጣችሁ በምን ያህል ጊዜ እንደምታወጧቸው ሞክሩ።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል የአሮጌዎቹ ዋጋ ተወደደ፤ እኔም ልሸጣት አወጣሁ። መጀመሪያ የመጣችው ሕፃን ያዘለች ወጣት እናት ነበረች። ቀዩ ቀለም እርሷንም እንደ እኔ ሲማርካት አየሁ። ደላላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስለ ቴስታው አታንሺ» አለኝ። ብድሬ ገና አላለቀም ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት አመነታሁ። ከዚያም ደብተሬን አውጥቼ ሰጠኋት፤ የወንበሩን እጀታም አሳየኋት። አመስግናኝ ሳትገዛ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ላጤ ወጣት ደብተሩን አንብቦ፣ ዋጋ አስቀንሶ ወሰዳት።

የቀነሰው ብር አልቆጨኝም ብል እዋሻችኋለሁ። ነገር ግን ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ሌላ እናት ያንን እጀታ ስትጎትት እያሰብኩ ከማድር ይሻለኛል። ዛሬ ልጆቼን እንደ ድሮው በታክሲ ነው የማመላልሳቸው። ሰልፉ ይረዝማል፤ ረዳት ባየሁ ቁጥር ግን ያንን ልጅ እያሰብኩ አመሰግናለሁ።