የመግቢያ ፈተናና የምሥጢር ጥያቄ

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረችው ከአምቦ በስተ ምዕራብ፥ በጉደር፥ አንድ ወጣት መምህር አለ፤ ቀን ልጆች ሲያስተምር ውሎ ማታ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ያጠናል። ሊገባበት የሚሻው በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዱሮ ዩኒቨርሲቲዎች በየራሳቸው ይፈትኑ ነበር፤ ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ግን አስቀድሞ አገር አቀፉን ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል።

መምህሩ አምና ወድቋል። ያጠናው ያለፉ ጥያቄዎች ናቸው እየተባሉ እንደ ክታብ ከሚሸጡት ወረቀቶች መልስ መልሱን ነበርና፥ በኮምፒዩተሩ ፊት ጥያቄው መልኩን ለውጦ ቢመጣበት የሚለው አጣ።

ለቅኔ ቤት ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ተማሪው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ከየኔታ ፊት ሲቆም ቤት መምታቱ ብቻ አይበቃውም፤ ሰሙን ለይ፥ ወርቁን አውጣ ይባላል። የባልንጀራውን ቅኔ ተውሶ የመጣ እንደ ሆነ ምላሱ የሚታሠረው እዚህ ላይ ነው።

ከፈተናው ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ ሲኖርም መምህራኑ «ልትመረምር ያሰብኸው ምንድር ነው? ስለ ምንስ?» ማለታቸው አይቀርም። ለዚህ የሚሸጥ ወረቀት የለም። እርሱ ግን ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ በገበያ የድንቹን ሒሳብ ያለ ወረቀት አስልተው መልስ ሲሰጡ፥ በማግስቱ ያንኑ ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ቢጽፍላቸው ሲጠፋባቸው አይቷል። ስለ ምን? ዘንድሮ ክታቡን ትቶ፥ በገበያ ቀን ከልጆቹ አጠገብ ቆሞ አሰላላቸውን እየጠየቀ በደብተር ይጽፋል።