ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት

ዛሬ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ከሮዘተንቪል ሰፈር ልጆቻችን ለአንዱ ላስተረጉም ሆስፒታል አብሬው ሄድኩ። ገና 19 ዓመቱ ነው፤ የአጥንት ካንሰር። ኬሞው በቅርቡ ይጀመራል። ስለ ማቅለሽለሹም፣ ስለ ፀጉሩ መርገፍም በዝርዝር ተነገረን። ልጅ ስለ መውለድ ግን ማንም አላነሳም። እኔው ጠየቅኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ "ኧረ እትዬ፣ በማርያም!" አለኝ። ሐኪሟ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ጥሩ ጊዜ ላይ ጠየቅሽ" አለችኝ።

ኬሞ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም። ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰሉ መድኃኒቶች ወንዱን ዘር ሊያሳጡት፣ የሴቷን የእንቁላል ክምችት ሊጨርሱባት ይችላሉ። ለወንድ የሚቻለው ቀላል ነው፤ ኬሞው ሳይጀመር ዘሩን ይሰጥና በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ለዓመታት ይቀመጥለታል። ሴቷ ሁለት ሳምንት ያህል መርፌ ትወጋና እንቁላሏ ይወሰዳል። የወር አበባ ላላየች ልጅ ደግሞ ከእንቁላል ማምረቻዋ ቁራጭ ይቀመጥላታል። ቤልጂየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ከኬሞ በፊት እንዲህ የተደረገላት አዋቂ ሴት ቁራጩ ተመልሶላት በ2004 ሴት ልጅ ወልዳለች።

የልጁን ዘር የማስቀመጫው ገንዘብ ሲነሳ ነው ሆዴ የተቃጠለው። ወገን ሲሞትብን እኮ አስከሬን ሆሳዕና ለማድረስ ጄፒ ሰፈር ያለው፣ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ (ትንሽ ሱቅ) ያለው፣ ትናንት የመጣው ሳይቀር በአንድ ሌሊት ያዋጣል። እሰየው፣ አይቅርብን! ግን ባለፈው የሸኘነው ወንድማችን በሕይወት እያለ ለመድኃኒቱ መዋጮ ስንጠይቅ የስልክ ግሩፓችን ጭጭ ብሎ ነበር። በማግስቱ ሲያርፍ ስልኬ ሲጮህ አደረ። እናቱ "ዘር ሳይተካ ልጄ!" እያሉ ሲያለቅሱ አሁንም ይሰማኛል። ምነው ለሚድነው ሰው እጃችን ያጥራል? ይሄ ዛሬ አብሬው የሄድኩት ልጅ ይድናል ብለን እየታከመ አይደል? ሲድን እኮ ማግባት ይፈልጋል!

የዚህ ልጅ እናት ጋ ደወልን። ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ "እሱ ብቻ ይዳን፣ ሚስቱን እኔ አይቼለታለሁ" አሉ። ልጁ ከሆስፒታል ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነው።

አገር ቤት ያላችሁም፣ ለካንሰር ጥቁር አንበሳ የምትመላለሱ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ለእናንተ ምን እንደሚቻል ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ግን ኬሞው ሳይጀመር። ካፈራችሁ እህት ወይም ጓደኛ ትጠይቅላችሁ።

ለልጁ ዘሩን ለማስቀመጥ ነገ ጠዋት ቀጠሮ ይዘናል። ዋጋውን እንደነገሩን ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ፤ ስልካችሁን እንዳትዘጉ።